ማን ማንን ይውቀስ? የኤል ፓሶ መምህራን ታሪክ

ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሳይንስ ሲከብደው ፕሮፌሰሩ ሁለተኛ ደረጃውን፣ ሁለተኛ ደረጃው ደግሞ አንደኛ ደረጃውን ሲወቅስ ሰምተው ይሆናል። በሜክሲኮ ወሰን ላይ ባለችው የቴክሳስ ከተማ በኤል ፓሶ ግን ይህ ወቀሳ አላዋጣም።

በ1914 እ.ኤ.አ. የማዕድን ትምህርት ቤት ሆኖ የተከፈተው የከተማው ዩኒቨርሲቲ በ1990ዎቹ አብዛኞቹ ተማሪዎቹ ሂስፓኒክ ነበሩ። በ1988 ፕሬዚዳንት የሆኑት ዳያና ናታሊሲዮ አንድ ነገር አስተዋሉ። ተማሪዎቹ የሚመጡት ከከተማው ትምህርት ቤቶች ነው፤ የእነዚያ ትምህርት ቤቶች አስተማሪዎችም በብዛት የዚያው ዩኒቨርሲቲ ምሩቃን ናቸው። ታዲያ ማን ማንን ይውቀስ?

በ1991 ዩኒቨርሲቲው፣ የማኅበረሰብ ኮሌጁና ሦስቱ ታላላቅ የትምህርት ቤት አስተዳደሮች በሱሳና ናቫሮ መሪነት አንድ የጋራ ማኅበር አቋቋሙ። ዩኒቨርሲቲው በ1995 ከብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን የብዙ ዓመት ድጋፍ ካገኘ በኋላም አዲስ ገቢ የሳይንስና የምህንድስና ተማሪዎች በቡድን እየተመደቡ ሂሳቡንም እንግሊዝኛውንም አብረው ይማሩ ጀመር። እኔ ከሁሉ የምወደው ይህን ነው። ከወላጆቹ ቤት እየተመላለሰ፣ ከክፍል ወደ ሥራ የሚሮጥ ተማሪ የጥናት ጓደኛ የሚያገኝበት ሌላ ሰዓት ከየት ያመጣል? ይህን ሩጫ እርስዎም ሳያውቁት አይቀሩም።

ናታሊሲዮ በ2019 ጡረታ ሲወጡ ዩኒቨርሲቲው የመግቢያ በሩን ሳያጠብ ከአገሪቱ ከፍተኛ የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች ተርታ ገብቶ ነበር።