የኤሌክትሪክ ምጣድ
ሸክላ፣ የኒክሮም ሽቦ፣ ጀሶ፣ ቆርቆሮ፤ 220 ቮልት፣ 3,500 ዋት

ምጣዱ ተገልብጦ የተቀመጠው የውስጥ ሥራው እንዲታይ ነው። በሸክላው ጀርባ በወጣው ቦይ ውስጥ የተጠቀለለ ሽቦ ከመሃል እስከ ዳር እየዞረ ይሄዳል። ጠጋኞች «ሬዚስታንስ» ይሉታል፤ የኒኬልና የክሮም ቅይጥ ነው።

የኤሌክትሪክ ከረንት በሽቦ ውስጥ የሚካሄድ የኤሌክትሮኖች ፍሰት ነው። ኤሌክትሮኖቹ ከብረቱ አተሞች ጋር እየተጋጩ ኃይላቸውን ሲሰጡ ሽቦው ይግላል። የመዳቡ ገመድ በቀላሉ ስለሚያሳልፋቸው ብዙም አይሞቅም፤ ቅይጡ ግን ስለሚቋቋማቸው በዚያው ከረንት ይፋጃል። ሸክላው ሙቀቱን ተቀብሎ ለመላው ገጽ ያዳርሳል፤ የእንጀራው ዓይን የሚወጣውም በዚህ ሙቀት ነው።

ምጣዱ 16 አምፔር ያህል ይስባል። ባለ 10 ዋት አምፖል ግን 0.05 አምፔር እንኳ አይወስድም። እንግሊዛዊው ጄምስ ጁል በ1841 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ ከረንቱ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። የምጣድ ገመድ ወፍራም፣ ሶኬቱም ጥብቅ መሆን ያለበት ለዚህ ነው፤ የላላ ሶኬት በዚህ ሁሉ ከረንት ግሎ ይቀልጣል።

ከረንት ማግኔትም ይፈጥራል። ዴንማርካዊው ሃንስ ክርስቲያን ኧርስቴድ በ1820 እ.ኤ.አ. ከረንት የሚያልፍበት ሽቦ የኮምፓስን መርፌ ሲያዞር ተመልክቷል። እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት የነባሩን ቆጣሪ ዲስክ በፍጥነት የሚያሽከረክረውም ይኸው የማግኔት ኃይል ነው።