ያልተጻፉት የአዋሽ ሴራዎች

«ሴራ» የምትለዋ ቃላችን ሁለት ፊት አላት። በአደባባይ ስትነገር አድማ፣ ተንኮል፣ የጨለማ ምክር ናት። በሥነ ጽሑፍ ሰዎች ዘንድ ግን የአንድ ልብ ወለድ ድርጊቶች በምክንያትና በውጤት የሚያያዙባት ገመድ ናት። ብዕር ከጨበጡ ወጣቶች ጋር ቁጭ ባልኩ ቁጥር የምሰማው እሮሮ ይህችን ሁለተኛዋን ሴራ የሚመለከት ነው። «ቋንቋው አለኝ፣ ገጸ ባሕርያቱም አሉኝ፤ ሴራ ግን አጣሁ» ይሉኛል። ሴራ ከሰማይ የሚወርድ ወይም ከውጭ ፊልም የሚቀዳ ይመስላቸዋል።

እኔ ብችል እነዚህን ወጣቶች ሁሉ ከአዋሽ ሰባት ኪሎ እስከ ሰመራ ባለው መንገድ ብሰዳቸው ደስ ይለኛል። የአዋሽ ሸለቆ ታሪክ ስለ ሴራ አሠራር የሚያስተምረን አንድ ትልቅ ቁም ነገር አለውና ነው። ይኸውም ድርጊቱ ያው ሆኖ ሳለ፣ ታሪኩን የሚጀምረው ሰው ከተለወጠ ሴራው ፈጽሞ ሌላ ይሆናል።

ማስረጃ ልጥቀስ። በኅዳር ወር 1868 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1875) ቬርነር ሙንዚንገር የተባለ ስዊዘርላንዳዊ ወታደሮች አስከትሎ ከታጁራ ተነሥቶ ወደ አውሳ ዘለቀ። ሰውየው ለግብፁ ኸዲቭ ለእስማኤል ያደረ፣ የምጽዋ ገዢ የነበረ ነው። አንድ ሌሊት አፋሮች ሰፈሩን ከበው ሠራዊቱን ፈጁት፤ ሙንዚንገርም፣ አብራው የተጓዘችው ሚስቱም በዚያው ጠፉ። ድርጊቱ ይኸው ነው።

አውሮፓ ውስጥ ይህ ድርጊት የአንድ ተጓዥ ሊቅ አሳዛኝ ፍጻሜ ሆኖ ተጻፈ። ቋንቋ አዋቂው፣ አገር አሳሹ ሰው ጨካኝ በረሃ በላው ተባለ። እስቲ ደግሞ ታሪኩን ከሱልጣን መሐመድ ሐንፈሬ ድንኳን እንጀምረው። የባዕድ ጦር ሳይፈቀድለት መሣሪያውን ይዞ ወደ አገራቸው እየገባ ነው። በዚያው ሰሞን ሌላው የግብፅ ጦር ሐረርን ይዟል፤ ሦስተኛው ከምጽዋ ተነሥቶ ጉንደት ላይ ከአፄ ዮሐንስ ሠራዊት ጋር ሊጋጠም ነው። እንግዲህ ከዚህ በኩል ሲታይ ሙንዚንገር ወራሪ፣ ሌሊቱም የመከላከል ሌሊት ነው። ጉንደትንና ጉራን ከትምህርት ቤት ጀምሮ እናውቃቸዋለን። በዚያው ወር፣ በዚያው ጠላት ላይ አውሳ የተገኘውን ድል ግን ስንቶቻችን ከእነርሱ ጋር እንቆጥረዋለን?

ከዚያ ወዲያ የመጡት ተጓዦችም የየራሳቸውን ሴራ ይዘው ነው የመጡት። ኔዝቢት የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1928 ከሁለት ጣሊያኖች ጋር የአፋርን በረሃ ከደቡብ ወደ ሰሜን አቋረጠ። መጽሐፉ አሜሪካ ውስጥ ሲታተም የተሰጠው ርእስ ምድሪቱን የፍጥረት ገሀነም የሚላት ነበር። ርእሱ እንዲህ ከሆነ አንባቢው ገና ገጹን ሳይገልጥ ጀግናው ማን፣ ባለጋራው ማን እንደሆነ ተነግሮታል ማለት ነው።

አዲስ አበባ የተወለደው ዊልፍሬድ ቴሲጀር ደግሞ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1933 ከአዋሽ ባቡር ጣቢያ ሲነሣ ዕድሜው 23 ዓመት ነበር። ጥያቄው አንድ ነው፤ አዋሽ የት ይገባል? ወንዙ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ካለው ደጋ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ባሕር ግን አይደርስም። ቴሲጀር ከሱልጣን መሐመድ ያዮ ፈቃድ አግኝቶ፣ ወንዙ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ እንደሚቀር በዓይኑ አየ። ግሩም ሴራ ነው! ጥያቄ አለው፣ እንቅፋት አለው፣ መልስ አለው። ነገር ግን ውኃውን እየጠጡ ላደጉት አፋሮች የወንዙ መጨረሻ መቼ ምስጢር ሆኖ ያውቃል? ለእነርሱ እንቆቅልሹ ወንዙ አልነበረም። እንቆቅልሹ ወንዙን ተከትሎ የመጣው ወጣት ነበር። «ይህ ሰው ምን ፈልጎ ነው?» ብሎ የሚጀምር ልብ ወለድ ከቴሲጀር ማስታወሻ የሚያንስ አይመስለኝም።

ይህን ጥያቄ እንዴት እንደምንጠይቅ አፋሮች ራሳቸው ያስተምሩናል፤ በዳጉ። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ይሉና ወሬ ይለዋወጣሉ። አንዱ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ግጦሹ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ጠቡና ስለ እንግዳው ይናገራል፤ ሌላው በጥሞና ያዳምጣል፤ ከዚያም ይጠይቃል። በዓይንህ ያየኸው የትኛው ነው? የሰማኸው የትኛው? ከማን ሰማኸው? ሐሰት ያቀበለ ሰው በማኅበረሰቡ ዘንድ ተአማኒነቱን ያጣል። ለደራሲ ከዚህ የበለጠ ትምህርት ምን አለ? አብዛኛው ሴራ የሚቆመው ማን ምን ያውቃል፣ መቼስ ዐወቀ በሚለው ላይ ነውና።

የሚገርመው፣ ከዚህ የሚቀራረብ ብልሃት በሩቅ አገር የጨዋታ ቅርጽ ይዞ መገኘቱ ነው። በ1966 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1974) ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ አሜሪካውያን «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የተባለ ጨዋታ አሳተሙ። ተጫዋቾች ጠረጴዛ ከበው እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይሆናሉ፤ አንዱ ጨዋታ መሪ ሁኔታውን ይተርክና «አሁን ምን ታደርጋለህ?» ይላል። ታሪኩ ከመልሱ እየተወለደ ይሄዳል።

የሙንዚንገርን ሌሊት እንዲህ ባለ ጠረጴዛ ላይ እናስቀምጠው። አንዱ የሱልጣኑ አማካሪ ይሁን፤ ጦሩ መቼ እንደሚደክም ያሰላል። አንዱ ደመወዙን ብቻ ብሎ የመጣ ወታደር ይሁን። ሦስተኛው መንገድ መሪ ነው፤ ውኃ የት እንዳለ የሚያውቀው እርሱ ነው፤ ቢያሳይም ቢደብቅም ሰው ይሞታል። አራተኛዋ ከቦጎስ አገር የመጣችው የሙንዚንገር ሚስት ትሁን፤ ባሏ የሚወጋው አገር ለእርሷ ባዕድ ነው ወይስ የራሷ? እያንዳንዱን «ምን ታውቃለህ? ምን ትፈልጋለህ? ምንስ ትፈራለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ከአንድ ሌሊት አራት ልብ ወለድ ይወጣል።

ደግሞም ሴራ ሁልጊዜ ጦርና ጎራዴ አይፈልግም። በ1950ዎቹ ዓ.ም. «ሚቸል ኮትስ» የተባለ የእንግሊዝ ኩባንያ ተንዳሆ ላይ ጥጥ ማምረት ጀመረ። በወንዙ ዳር ያለው ለም መሬት ግን አርብቶ አደሩ በበጋ ከብቱን ይዞ የሚጠጋበት መሸሻው ነበር። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ድርቁ ሲመጣ መሸሻው ጥጥ ለብሶ ቆየው፤ ብዙ ከብት፣ ብዙም ሰው አለቀ። ሱልጣን አሊሚራህ ሐንፈሬ ራሳቸው ከጥጡ ይጠቀሙ ነበር፤ ያም ሆኖ በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ከታወጀ በኋላ ከደርግ ጋር ተጣልተው ተሰደዱ፤ የተመለሱት በ1983 ዓ.ም. ነው። እዚህ ውስጥ ክፉውና ደጉ ተለይተው የቆሙበት መስመር የለም። ምክንያትና ውጤት ግን ሞልቶ ተርፏል፤ ለሴራ የሚፈለገውም ይኸው ነው።

አጥንት እንኳ ሴራ ይወልዳል። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የኖረ ዝምታ ይዛ ነው የመጣችው። በ2008 ዓ.ም. ጆን ካፕልማንና ባልደረቦቹ የአጥንቷን ስብራት አጥንተው «ከዛፍ ወድቃ ሞተች» አሉ። ያገኛት ዶናልድ ዮሐንሰንና ሌሎች ምሁራን ደግሞ እንዲህ ያለ ስብራት ከሞት በኋላም በአፈር ጫና ይመጣል ሲሉ ተከራከሩ። ሳይንቲስት እዚህ ላይ መቆም አለበት። ደራሲ ግን የሚጀምረው እዚህ ነው፤ ዛፉ ላይ ምን አወጣት?

አንድ ነገር ግን አደራ። ልብ ወለድ ማለት ከልብ የተወለደ ነው እንጂ ከአየር የተቀዳ አይደለም። ወደ ጅቡቲ የሚጓዘው የጭነት መኪና ሰመራን አቋርጦ ያልፋል፤ ሾፌሩ የሚያየው ሙቀቱን፣ አቧራውንና አስፋልቱን ነው። በረሃውን ከመኪና መስኮት ብቻ አይቶ የሚጽፍ ደራሲም ያው የኔዝቢትን ገሀነም በአማርኛ ከመድገም አያልፍም። ወርዶ፣ ቁጭ ብሎ፣ ዳጉውን ሰምቶ የሚነሣ ግን ሴራ አጣሁ አይልም። የአውሳን ሌሊት ከአውሳ በኩል የሚተርክ የአማርኛ ልብ ወለድ እኔ እስከ ዛሬ አላነበብኩም። የሚጽፈው ሰው፣ አፋርም ይሁን የደጋ ልጅ፣ አንድ አንባቢ እንዳለው ከወዲሁ ይወቅ።