የዱባይ የጎብኚዎች ፍሰት

የዱባይ የጎብኚዎች ፍሰት ሲባል በተባበሩት አረብ ኤሚሬቶች፣ በባሕረ ሰላጤው ዳርቻ ወደምትገኘው ዱባይ በየዓመቱ ገብተው ቢያንስ አንድ ሌሊት የሚያድሩ የውጭ አገር እንግዶች ብዛትና ስብጥር ማለት ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

መነሻ። የነዳጅ ሀብቷ ውስን የሆነው ዱባይ ገቢዋን ወደ ንግድ፣ አቪዬሽንና ቱሪዝም አዞረች። በ1985 ኤሚሬትስ አየር መንገድ ተመሠረተ፤ በ1996 ዓመታዊው የገበያ ፌስቲቫል ተጀመረ፤ በ1999 ቡርጅ አል አረብ ሆቴል፣ በ2010 ደግሞ 828 ሜትር ከፍታ ያለው ቡርጅ ኸሊፋ ተከፈቱ።

አኃዛዊ ጉዞ። በ2019 የጎብኚው ቁጥር 16.73 ሚሊዮን ነበር። በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት በ2020 ወደ 5.5 ሚሊዮን አሽቆለቆለ። ከተማዋ በሐምሌ 2020 በሯን ለቱሪስቶች መልሳ ከፈተች፤ በወረርሽኙ ምክንያት የተራዘመውን የዓለም ዐውደ ርእይ ኤክስፖ 2020ን ከጥቅምት 2021 እስከ መጋቢት 2022 አስተናገደች። ቁጥሩ በ2022 ወደ 14.36 ሚሊዮን አገገመ፤ በ2023 17.15 ሚሊዮን ደርሶ የቀድሞውን ክብረ ወሰን ሰበረ፤ በ2024 ደግሞ 18.72 ሚሊዮን ሆነ።

ወቅትና ምንጭ። እንግዳ የሚበዛው አየሩ ለዘብ በሚልበት ከኅዳር እስከ መጋቢት ነው። በሞቃቶቹ ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሚያልፍ ሆቴሎች ዋጋ ይቀንሳሉ። ዋነኞቹ ምንጮች ምዕራብ አውሮፓ፣ ደቡብ እስያና የባሕረ ሰላጤው አገሮች ናቸው።

ኢትዮጵያ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ ወደ ዱባይ ይበራል። ከተማዋ ለኢትዮጵያውያን ከመዝናኛነት ይልቅ በንግድና በሥራ መዳረሻነት ትታወቃለች።