ታይዳል ኃይል

ታይዳል ኃይል የአንድ የሰማይ አካል ስበት በሌላው አካል ቅርብና ሩቅ ጎን ላይ እኩል ባለማረፉ የሚፈጠር፣ አካልን የሚለጥጥ ኃይል ነው። በይበልጥ የሚታወቀው በባሕር ሙላትና ጉድለት ቢሆንም ሥራው ከባሕር ዳርቻ እጅግ ያልፋል። የጨረቃን አንድ ፊት ብቻ የምናየው፣ የጁፒተር ጨረቃ የሆነችው ኢዮ በእሳተ ገሞራ የምትናጠው፣ ጅራታም ከዋክብት የሚሰባበሩትና ጋላክሲዎች የሚቦጫጨቁት በዚሁ ኃይል ነው።

ስበት ርቀት በጨመረ ቁጥር ይደክማል። ጨረቃ ከምድር በአማካይ 384,400 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። ወደ እርሷ የዞረው የምድር ጎን ከተቃራኒው ጎን ይልቅ በ12,700 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀርባታል፤ ስለዚህ የሚያርፍበት የጨረቃ ስበት በ7 በመቶ ያህል ይበልጣል። ምድር በጠቅላላ ወደ ጨረቃ ስትሳብ ቅርቡ ጎን ከመካከሉ በርትቶ ይሳባል፤ ሩቁ ጎን ደግሞ ከመካከሉ ያነሰ ስለሚሳብ ወደ ኋላ ይቀራል። እብጠት በሁለቱም ተቃራኒ ጎኖች የሚፈጠረው በዚህ ምክንያት ነው። ይህን በስበት ሕግ መጀመሪያ ያብራራው አይዛክ ኒውተን ሲሆን ዘመኑም 1687 እ.ኤ.አ. ነበር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)።

ወሳኙ ነገር የስበቱ ብርታት ሳይሆን ልዩነቱ መሆኑን ፀሐይ በግልጽ ታሳያለች። ፀሐይ ምድርን የምትስብበት ኃይል ከጨረቃ ስበት ወደ 180 እጥፍ ይበልጣል፤ ታይዳል ኃይሏ ግን የጨረቃን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ርቀት በእጥፍ ሲያድግ ስበት ወደ ሩብ ይወርዳል፣ ታይዳል ኃይል ደግሞ ወደ አንድ ስምንተኛ። እጅግ ሩቅ የሆነችው ፀሐይ በዚህ ስሌት ትሸነፋለች።

በባሕር ላይ የሚሆነው ብዙ ጊዜ በተሳሳተ መንገድ ይገለጻል። ጨረቃ ውሃውን በቀጥታ ወደ ላይ አታነሣውም፤ ወደ ላይ የሚስበው ታይዳል ኃይል ከውሃው ክብደት አንድ አሥር ሚሊዮንኛ ያህል ብቻ ነው። ባሕሩን የሚያንቀሳቅሰው ወደ ጎን የሚጎትተው ክፍል ነው። በሺዎች ኪሎ ሜትር ስፋት የተንጣለለው ውሃ በጥቂት በጥቂቱ ወደ ሁለቱ እብጠቶች ተስቦ ይከማቻል። ጣናን በመሳሰሉ ሐይቆች ላይ ሙላትና ጉድለት ለዓይን የማይታየው ይህ ጥቂት ጥቂት የሚጠራቀምበት ስፋት ስለሌላቸው ነው። ምድር በዛቢያዋ ስትዞር ጨረቃም ወደ ፊት ስለምትጓዝ ከአንዱ ሙላት እስከ ቀጣዩ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ያልፋል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ የፀሐይና የጨረቃ ጉተታ በአንድ መስመር ስለሚውል ሙላቱ ይበረታል። የዳርቻው ቅርጽም ለውጥ ያመጣል፦ በካናዳ የፈንዲ ባሕረ ሰላጤ ልዩነቱ ወደ 16 ሜትር ሲደርስ፣ በቀይ ባሕር መሃል፣ በፖርት ሱዳንና በጂዳ አካባቢ፣ ከነጭራሹ የለም ለማለት ይቻላል።

ጠንካራው መሬትም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። በምድር ወገብ አካባቢ ያለ ሰው የቆመበት መሬት በየቀኑ በአሥር ቤት በሚቆጠር ሴንቲ ሜትር ከፍና ዝቅ ይላል፤ አካባቢው ሁሉ አብሮ ስለሚነሣ ግን ማንም አያስተውለውም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ ድንበር ሥር ይሠራ የነበረው የሰርን የምርምር ማዕከል ቅንጣት ማፋጠኛ ግን አስተውሎታል። ዙሪያው 27 ኪሎ ሜትር የሆነው ዋሻ በጨረቃ ጉተታ በ1 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲለጠጥና ሲጨማደድ የቅንጣቶቹ ኢነርጂ ይለዋወጥ ነበር፤ የፊዚክስ ሊቃውንቱም የጨረቃን አቀማመጥ በስሌታቸው ማስገባት ግድ ሆነባቸው።

ምድር ከጨረቃ ፈጥና ስለምትዞር እብጠቱን ከጨረቃ አቅጣጫ ትንሽ ወደ ፊት ትወስደዋለች። ቀድሞ የሄደው እብጠት ጨረቃን ወደ ፊት ይጎትታል፤ ጨረቃ ደግሞ እብጠቱን ወደ ኋላ ትይዛለች። ውጤቱ የምድር ዙረት እየዘገየ፣ ጨረቃም እየራቀች መሄዷ ነው። የአፖሎ 11 ጠፈርተኞች በ1969 ጨረቃ ላይ ባስቀመጡት መስተዋት፣ በኋላም በተጨመሩት ላይ በሚላክ የሌዘር ጨረር እንደተለካው ጨረቃ በዓመት 3.8 ሴንቲ ሜትር ትርቃለች። የቀኑ መርዘም በመቶ ዓመት ሁለት ሺህኛ ሰከንድ ገደማ ብቻ ቢሆንም በረጅም ዘመን ይጠራቀማል። በ1963 ጆን ዌልስ የተባለው ተመራማሪ ከ350 ሚሊዮን ዓመት በላይ የሆናቸውን የዛጎል ድንጋዮች (ኮራል) የዕለት ዕድገት መስመሮች ቆጥሮ ያን ጊዜ ዓመቱ ወደ 400 ቀናት እንደነበረው አሳይቷል።

በጨረቃ ላይ ይኸው ሥራ ተፈጽሟል። የምድር ታይዳል ኃይል ዙረቷን አዘግይቶ ከምህዋሯ ጋር ስላስተካከለው ሁልጊዜ አንድ ፊቷን ወደ እኛ አዙራ ትኖራለች፤ ጀርባዋ መጀመሪያ የታየው በ1959 የሶቪየት መንኮራኩር ሉና 3 ፎቶ ስታነሣው ነው። ፕሉቶና ጨረቃው ካሮን ደግሞ ሁለቱም እርስ በርስ ተያይዘዋል፤ አንዳቸው ከሌላቸው ፊታቸውን አይመልሱም።

የታይዳል ኃይልን አቅም ከሁሉ አጉልታ የምታሳየው ኢዮ ናት። ከጁፒተር ያላት ርቀት ጨረቃችን ከእኛ ካላት ብዙም አይበልጥም፤ የጁፒተር መጠነ ቁስ ግን የምድርን 318 እጥፍ ነው። ምህዋሯ ፍጹም ክብ ቢሆን ኖሮ እብጠቷ አንድ ቦታ ረግቶ በቀረና ሙቀት ባልፈጠረ ነበር። ይሁንና ሌላዋ የጁፒተር ጨረቃ ዩሮፓ አንድ ጊዜ ስትዞር ኢዮ ሁለት ጊዜ፣ ጋኒሜድ የተባለችው ጨረቃ ደግሞ አንድ ጊዜ ስትዞር ኢዮ አራት ጊዜ ትዞራለች፤ በዚህ ቋሚ ስልት የሚደጋገመው የጎረቤቶቿ ጉተታ ምህዋሯን ሞላላ አድርጎ ይይዘዋል። ስለዚህ ለጁፒተር ስትቀርብ ትለጠጣለች፣ ስትርቅ ትመለሳለች፤ ጠንካራው ገጽዋ እስከ 100 ሜትር ከፍና ዝቅ ይላል። ዙሩ የሚያልቀው በ42 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ወዲያና ወዲህ የሚታጠፍ ሽቦ እንደሚግል ሁሉ የኢዮ ውስጥም በሰበቃ ይግላል።

ስታንተን ፒል፣ ፓትሪክ ካሰንና ሬይ ሬይኖልድስ ይህን አስልተው የኢዮ ውስጥ በሰፊው የቀለጠ ሊሆን እንደሚችል፣ እሳተ ገሞራም ሊታይ እንደሚችል የጻፉት ጽሑፍ በማርች 1979 መጀመሪያ ታተመ። ቮያጀር 1 የተባለችው መንኮራኩር በኢዮ አጠገብ ያለፈችው በዚያው ሳምንት ነው። ከጥቂት ቀናት በኋላ የመንኮራኩሯ የጉዞ መሐንዲስ ሊንዳ ሞራቢቶ ለአቅጣጫ ማስተካከያ የተነሣ ፎቶ ስትመረምር በኢዮ ጠርዝ ላይ ጃንጥላ የመሰለ ደመና አየች፤ ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ላይ የተተፋ የእሳተ ገሞራ ትፍታ ነበር። ከምድር ውጭ የሚሠራ እሳተ ገሞራ ሲገኝ የመጀመሪያው ነው፤ በወረቀት ላይ የተሠራ ስሌት እንዲህ ፈጥኖና እንዲህ አምሮ የተረጋገጠበት አጋጣሚም በሳይንስ ታሪክ ጥቂት ነው። ዛሬ በኢዮ ላይ ከ400 በላይ እሳተ ገሞራዎች ይታወቃሉ። በዩሮፓና በሳተርን ጨረቃ ኤንሰላደስ ላይ ተመሳሳዩ ሙቀት ከበረዶ ሥር ያለ ውቅያኖስ ሳይረጋ እንዲቆይ ያደርጋል፤ ሕይወት በዚያ ይኖር እንደሆነ የሚፈልጉ ሰዎች ዓይን ያረፈባቸውም በዚህ ነው።

መለጠጡ ሲበረታ አካሉን በራሱ ስበት አንድ አድርጎ የያዘውን ኃይል ያሸንፋል። ይህ የሚሆንበትን ርቀት በ1848 ያሰላው ፈረንሳዊው ኤድዋር ሮሽ ስለሆነ ወሰኑ በስሙ ይጠራል። የሳተርን ዋና ዋና ቀለበቶች ከዚህ ወሰን ውስጥ ናቸው። ሹሜከር ሌቪ 9 የተባለው ጅራታም ኮከብ በ1992 ለጁፒተር ከልክ በላይ ቀርቦ ተሰባበረ፤ ስብርባሪዎቹም በጁላይ 1994 ተከታትለው ፕላኔቱ ላይ ወደቁ። ማርስ ከምትዞርበት በፈጠነ ጊዜ ምህዋሩን የሚጨርሰው የማርስ ጨረቃ ፎቦስ ከእኛ ጨረቃ በተቃራኒ እየተቃረበ ነው፤ በአሥር ሚሊዮኖች በሚቆጠሩ ዓመታት ውስጥ ይሰባበራል ወይም ማርስ ላይ ይወድቃል።

በጥቁር ጉድጓዶች ዘንድ ነገሩ ከሚጠበቀው ይገለበጣል። ከፀሐይ 10 እጥፍ የሚገዝፍ ጥቁር ጉድጓድ ወደ እርሱ የሚወድቀውን ሰው ምንም ነገር ተመልሶ ከማይወጣበት ወሰኑ ላይ ሳይደርስ ይበጣጥሰዋል። በጋላክሲያችን እምብርት ያለው፣ 4 ሚሊዮን ፀሐዮችን የሚያህለው ግን ወሰኑ ከመካከሉ እጅግ የራቀ ስለሆነ በእግርና በራስ መካከል ያለው የስበት ልዩነት እዚያ ላይ አይሰማም። አንድ ኮከብ ከሰው እጅግ ስለሚሰፋ እንዲህ ባለ ጥቁር ጉድጓድ አጠገብ ይበጠሳል፤ ጋዙም ወደ ውስጥ ሲወርድ ለወራት ያበራል፤ ጸጥ ብለው የኖሩ ጥቁር ጉድጓዶች የሚታወቁበት አንዱ መንገድ ይህ ነው። ከ100 ሚሊዮን ፀሐዮች ገደማ በላይ የሚገዝፈው ግን ፀሐይን የመሰለ ኮከብ ሳይበጥስ ሙሉውን ስለሚውጠው ከምድር የሚታይ ብርሃን አይኖርም።