ካፌ (የጀርመንኛ ቃል)

ካፌ በጀርመንኛ ቋንቋ ቡና ማለት ነው። ከከፋ ስም ጋር ስለሚመሳሰል ቃሉ ከቦንጋና ከአካባቢዋ የወጣ እንደሆነ በኢትዮጵያም በውጭም በሰፊው ይነገራል። የቃሉ ታሪክ ሲመረመር ግን የተክሉ መነሻና የስሙ መነሻ የተለያዩ ሆነው ይገኛሉ።

ትርጉሞች

ቃሉ ተባዕታይ ጾታ ያለው ሲሆን ተክሉን፣ ፍሬውንና መጠጡን ይጠራል። ከሰዓት በኋላ ከኬክ ጋር ቡና የሚጠጣበት ሰዓትም «ካፌ» ይባላል፤ እንግዳ «ለካፌ» ሲጠራ አማርኛ ተናጋሪ ጎረቤቱን «ቡና ጠጡ» እንደሚለው ነው። «ካልተር ካፌ» (ቀዝቃዛ ቡና) ማለት ያረጀ ወሬ ማለት ነው። «ማልትስካፌ» ደግሞ ከገብስ ብቅል የሚዘጋጅ የቡና ምትክ ነው። ቡና የሚሸጥበት ቤትም ካፌ ይባላል፤ ነገር ግን ይህ አጻጻፉም ሰዋስዋዊ ጾታውም የተለየ ሌላ ቃል ነው።

የቃሉ አመጣጥ

መዝገበ ቃላት እንደሚያሳዩት ቃሉ ወደ ጀርመንኛ የገባው ከፈረንሳይኛ ነው። ፈረንሳይኛው ከጣሊያንኛ፣ ጣሊያንኛው «ካህቬ» ከሚለው ቱርክኛ፣ ቱርክኛው ደግሞ «ቀህዋ» ከሚለው ዓረብኛ ተወስዷል። «ቀህዋ» ቡና ከመታወቁ በፊት የወይን ጠጅ መጠሪያ ነበር።

የአውግስቡርጉ ሐኪም ሊዮንሃርት ራውቮልፍ በ1573 እ.ኤ.አ. በሶርያዋ ሐለብ ከተማ መጠጡን አይቶ፣ በ1582 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የጀርመንኛ መጽሐፉ ገልጾታል። መጠጡን ከ«ቀህዋ» በተወሰደ ስም ሲጠራው፣ ፍሬውን ግን «ቡኑ» ብሎታል።

ከከፋ ጋር ያለው ግንኙነት

ከፋን የቃሉ ምንጭ የሚያደርገው አስተያየት ዋና ማስረጃው የድምፅ መመሳሰል ነው። ሆኖም «ካፌ» ውስጥ ያለው የ«ፈ» ድምፅ በዓረብኛውም በቱርክኛውም የለም፤ የመጣው ቃሉ አውሮፓ ከገባ በኋላ ነው። ስለዚህ ቃሉ ወደ ምንጩ በተከተሉት መጠን ከ«ከፋ» ጋር ያለው መመሳሰል ይቀንሳል። በተጨማሪም የከፋ ሕዝብ ራሱ በካፊኖኖ ቋንቋ ቡናን የሚጠራው «ቡኖ» ብሎ ነው። ይህ ከአማርኛው «ቡና» እና የቡና ፍሬን ከሚያመለክተው ዓረብኛ «ቡን» ጋር ይዛመዳል።

የጀርመንኛው «ቦነ» (ባቄላ)፣ «ካፌቦነ» (የቡና ፍሬ) በሚለው ጥምር ቃል ስለሚገኝ፣ አንዳንዴ ከ«ቡን» ጋር ይያያዛል። ይሁንና «ቦነ» ቡና አውሮፓ ከመግባቱ አስቀድሞ የነበረ ጥንታዊ ጀርመናዊ ቃል ነው።

ተክሉን በተመለከተ ግን የአካባቢው ድርሻ የጸና ነው። አረቢካ ቡና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ውስጥ እስከ ዛሬ በዱር ይበቅላል። ሳይንሳዊ ስሙን በ1753 እ.ኤ.አ. ያወጣው ካርል ሊኔየስ «አረቢካ» ያለው ከዓረቢያ ጋር አያይዞ ነበር። የከፋ ደን በ2010 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግቧል።

በጀርመንኛ ስለ ከፋ ከተጻፉት ሥራዎች አንዱ የኦስትሪያዊው ፍሪድሪሽ ዩልዩስ ቢበር ባለ ሁለት ቅጽ መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ የከፋን መንግሥትና የሕዝቡን ባህል የሚገልጽ ሲሆን በ1920 እና በ1923 እ.ኤ.አ. ታትሟል።