የፊት እድሳት

ታናሽ እኅቴ ሠርጓ ሁለት ወር ሲቀረው፣ «ባለሙያ ዘንድ ሄጄ ፊቴን ላሳድስ አስቤያለሁ፤ ጉዳት ይኖረው ይሆን?» ስትል ጠየቀችኝ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የታሪክ መጻሕፍት ወዳጅ ነኝ። ስለዚህ መልሴን የጀመርሁት ከሞተች ከሁለት ምዕት ዓመት ተኩል በላይ ከሆናት ሴት ነው።

ማሪያ ጋኒንግ ትባላለች። ከአየርላንድ ወደ ለንደን ተሻግራ ከተማውን በውበቷ አስደመመች፤ በ1752 እ.ኤ.አ. የኮቨንትሪን ባላባት አገባች። የዘመኑ ወይዛዝርት ፊታቸውን የሚያነጡት በነጭ እርሳስ ነበር። እርሳሱ ቆዳን ይጎዳል፤ የተጎዳውን ለመሸፈን ደግሞ ሌላ እርሳስ ይደረባል። ማሪያ በ1760 እ.ኤ.አ. ገና በሃያዎቹ ዕድሜዋ አረፈች። ሳንባዋን ታማ ነበር የሚሉ ቢኖሩም፣ ብዙዎች የከሰሱት ቅባቷን ነው።

ታሪኩ ግን የመርዝ ብቻ አይደለም። በ1882 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው የቆዳ ሐኪም ፖል ኡና፣ ሳሊሲሊክ አሲድን የመሳሰሉ ነገሮች ቆዳን እንዴት እንደሚልጡ ጻፈ። በ1974 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቫን ስኮትና ዩ የተባሉ ተመራማሪዎች፣ ከፍራፍሬና ከጎምዛዛ ወተት የሚገኙ አሲዶች የደረቀውን የላይኛውን ቆዳ እንደሚያላቅቁ አሳዩ። ዛሬ ለስላሳ የሚባለው እድሳት ከዚህ የመጣ ነው፤ የሚነካውም ላይኛውን ስስ ሽፋን ነው።

ሆኖም ለሁሉም እኩል አይስማማም። እንደ እኛ ያለ ጠይም ቆዳ ሲቆጣ ለወራት የሚቆይ ጥቁር ምልክት ይተዋል፤ ስለዚህ በደካማው አሲድ መጀመር፣ ከዚያም ከፀሐይ መጠበቅ ይገባል። ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ለብጉር አይሶትሬቲኖይን የምትወስድ፣ ፊቷ የቆሰለ ሁሉ አስቀድማ ሐኪም ታማክር። ይዘቱ ያልተጻፈበት ማንጫ ቅባት ግን የዚያ እርሳስ ዘመድ ነው፤ በአንዳንዱ ውስጥ ባዜቃ ይገኛል። በ2013 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የሚናማታ ስምምነት ባዜቃ ያለባቸውን ማንጫዎች ከከለከላቸው ምርቶች መካከል ያስቆጠረው በከንቱ አይደለም።

እኅቴ ዝም ብላ ሰማችኝ። በማግሥቱ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄደች፤ ከጆሮዋ ሥር በትንሹ ተሞከረላትና ቀናት ጠበቀች። ከመቀመጧ በፊት የጠየቀችው፣ «ውስጡ ምንድን ነው?» ብላ ነበር።

ማሪያም ይህን አንድ ጥያቄ የሚጠይቅላት ሰው ባገኘች ኖሮ፣ እላለሁ።