መፈታትና መርታት ለየቅል ናቸው፦ ከጆሃንስበርግ የአገር ክህደት ክስ እስከ ቅንጅት ችሎት

ሰልፍ ጠራችሁ፣ አድማ አስመታችሁ፣ ሕዝብ አነሳሳችሁ ተብለው የታሰሩ ወገኖቻችን ጉዳይ ሲነሳ ሁላችንም ቀድመን የምንጠይቀው «መቼ ይፈታሉ?» ብለን ነው። አይፈረድብንም፤ እስር ቤት ያለ ሰው እናት አለው፣ ልጅ አለው። ነገር ግን «እንዴት ተፈቱ?» የሚለውን አለመጠየቃችን ብዙ አስከፍሎናል ባይ ነኝ። በይቅርታ መፈታት አንድ ነገር ነው። ክስ ተቋርጦ መፈታት ሌላ ነው። ተከራክሮና ረትቶ፣ «ወንጀል አልሠራችሁም» ተብሎ መውጣት ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ነው። ይህንን ልዩነት ያስተማረኝ የምኖርባት ከተማ፣ የጆሃንስበርግ ታሪክ ነው።

እዚህ ያለን ኢትዮጵያውያን የምንነግድበት ጄፒ ጎዳና ዛሬ በመንግሥት መዝገብ ስሙ ራሂማ ሙሳ ነው። ብሪ ይባል የነበረው ጎዳና ሊሊያን ንጎዪ፣ ፕሬዚደንት ይባል የነበረው ደግሞ ሄለን ጆሴፍ ተብሏል። እነዚህ ሴቶች እ.ኤ.አ. ኦገስት 9 ቀን 1956 ጥቁሮች ይዘው እንዲዞሩ የሚገደዱበትን የይለፍ ወረቀት በመቃወም ወደ 20 ሺህ የሚጠጉ ሴቶችን መርተው ፕሪቶሪያ ከሚገኘው የመንግሥት መቀመጫ ደጃፍ ያደረሱ ናቸው። አራት ወር ሳይሞላ ሊሊያንና ሄለን በአገር ክህደት ተከሰሱ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 5 ቀን 1956 ጎህ ሳይቀድ የአፓርታይድ ፖሊስ በመላ አገሪቱ ቤት ለቤት እየዞረ የትግሉን አስተባባሪዎች ለቀመ። ተከሳሾቹ 156 ደረሱ። አልበርት ሉቱሊ፣ ፕሮፌሰር ማቲውስ፣ ኦሊቨር ታምቦ፣ ዋልተር ሲሱሉ፣ ኔልሰን ማንዴላ ከነዚህ መካከል ነበሩ። ክሱ አገር መክዳትና መንግሥትን በኃይል ለመገልበጥ ማሴር ሲሆን ቅጣቱ እስከ ሞት ይደርሳል። ይህን ያህል ተከሳሽ የሚይዝ ችሎት ስላልነበረ የመጀመሪያው ምርመራ የተሰማው ድሪል ሆል በሚባለው የወታደር አዳራሽ ውስጥ ነው፤ ከጄፒ በእግር የሚደረስበት ቦታ ነው። ተከሳሾቹ የሽቦ አጥር ውስጥ እንዲቀመጡ ተደረገ። ጠበቆቻቸው ደንበኞቻችን እንደ አውሬ ታጉረው አንከራከርም ብለው ተቃወሙ፤ ሽቦው ተነሳ። ዋስትናም ተፈቀደ።

ማስረጃው ምን ነበር? ትልቁ ማስረጃ እ.ኤ.አ. ጁን 26 ቀን 1955 ክሊፕታውን ላይ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ በአደባባይ ያጸደቀው የነፃነት ቻርተር ነው። ፖሊስ ስብሰባውን ከብቦ ያገኘውን ወረቀት ሁሉ ሰብስቦ ነበርና ለምግብ ሰልፍ የተለጠፉት «ሥጋ ያለው ሾርባ» እና «ሥጋ የሌለው ሾርባ» የሚሉ ጽሑፎች ሳይቀሩ በማስረጃነት ቀረቡ! ዐቃቤ ሕግ የኮሚኒዝም አዋቂ ብሎ ያመጣቸው ፕሮፌሰር ከመከላከያ ጠበቃው አንድ ጽሑፍ ተነበበላቸው። «ይሄማ የለየለት ኮሚኒዝም ነው» አሉ። ጠበቃው የጽሑፉ ደራሲ እርስዎ ራስዎ ነዎት አላቸው።

ክሱ ከአራት ዓመት በላይ ተጎተተ። ከአንድ ዓመት በኋላ ሉቱሊና ታምቦን ጨምሮ 61 ሰዎች ከክሱ ወጡ። ችሎቱ ወደ ፕሪቶሪያ ተዛወረ። ክሱ ተሰርዞ እንደገና ተጻፈ፤ በመጨረሻም 30 ተከሳሾች ቀሩ። እ.ኤ.አ. ማርች 21 ቀን 1960 ሻርፕቪል ላይ 69 ሰዎች ተገድለው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ተከሳሾቹ በዋስ የወጡት ሁሉ ታሰሩ። በዚህ ሁኔታ ችሎቱን ማጀብ ምን ትርጉም አለው የሚል ክርክር በመካከላቸው ተነሳ። ጠበቆቹ በተቃውሞ ለወራት ከችሎቱ እንዲወጡ ተደረገ፤ ተከሳሾቹ ግን ዝም አላሉም፤ ሕግ አዋቂ በነበሩት በማንዴላና በዱማ ኖክዌ እየታገዙ ራሳቸው መከራከሩን ቀጠሉ። እ.ኤ.አ. ማርች 29 ቀን 1961 ሦስቱ ዳኞች ድርጅቱ መንግሥትን በኃይል ለመገልበጥ ፖሊሲ እንደነበረው አልተረጋገጠም ብለው ሁሉንም በነፃ አሰናበቱ። ፍርዱን ያነበቡት ዳኛ ሩምፍ ለተከሳሾቹ ወዳጅ አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1952 እዚሁ ጆሃንስበርግ ላይ የእምቢተኝነት ዘመቻ መሪዎች የነበሩ 20 ሰዎችን ጥፋተኛ ያሉ እኚሁ ዳኛ ናቸው።

አፓርታይድ ደግ ነበር ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። የይለፍ ወረቀቱን ተቃውሞ የጠራው ሮበርት ሶቡክዌ በማነሳሳት ተከሶ ሦስት ዓመት ተፈረደበት። ቅጣቱን ሲጨርስ ለእርሱ ተብሎ በወጣ አንቀጽ እስከ 1969 ሮበን ደሴት ላይ ታሰረ። ማንዴላም እ.ኤ.አ. በ1962 ሕዝቡ ከቤት እንዳይወጣ በመጥራቱ ሦስት ዓመት፣ ያለ ፓስፖርት ከአገር በመውጣቱ ሁለት ዓመት ተፈረደበት። ያ ጉዞ የወሰደው ወደ አዲስ አበባ ጭምር እንደነበረ አንዘንጋ። መንግሥት በችሎት ሲረታ ያለ ክስ 90 ቀን የሚያስርበትን ሕግ አወጣ። ስለዚህ አንድ ፍርድ አገዛዝ አይጥልም። ነገር ግን ከዚያ ቀን በኋላ «የነፃነት ቻርተሩ ክህደት ነው» የሚል ባለሥልጣን የገዛ ፍርድ ቤቱ መዝገብ ይመሰክርበት ነበር። ተከሳሾቹም ለማንም የማይመልሱትን ነገር ይዘው ወጡ።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. የተደረገውን ምርጫ ተከትሎ ቅንጅት ሕዝቡን የጠራው ከቤት እንዳይወጣ፣ የመኪና ጥሩምባ እንዲያሰማ፣ የገዥውን ፓርቲ ድርጅቶች ሸቀጥ እንዳይገዛ ነበር። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ዓ.ም. የፈሰሰውን ደም መንግሥት ራሱ ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን ሲቆጥረው ከተገደሉት ሲቪሎች 193 ደረሱ። የተከሰሱት ግን ተኳሾቹ ሳይሆኑ ጠሪዎቹ ሆኑ። ኢንጂነር ኃይሉ ሻውል፣ ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ፣ ዶክተር ብርሃኑ ነጋ፣ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደማርያምና ሌሎችም ሕገ መንግሥቱን በመናድ፣ በአገር ክህደት፣ በዘር ማጥፋት ሙከራ ተከሰሱ። ዋስትና ተከለከሉ። አብዛኞቹ በዚህ ፍርድ ቤት ፍትሕ አናገኝም ብለው አንከራከርም አሉ። ውሳኔያቸውን አከብራለሁ፤ እስር ቤት ያልገባ ሰው ከሩቅ ሆኖ «ተከራከሩ» ቢል አያምርበትም። ደግሞም ተከራክረው የተፈረደባቸው አሉ፤ አቶ ዳንኤል በቀለና አቶ ነፃነት ደምሴ እስከ መጨረሻ ተሟግተው ሁለት ዓመት ተኩል ተፈረደባቸው።

ነገር ግን አንድ ቀን ላስታውሳችሁ። ሚያዝያ 1 ቀን 1999 ዓ.ም. የአገር ክህደቱና የዘር ማጥፋቱ ክስ በዚያው ችሎት ወደቀ፤ የተወሰኑ ጋዜጠኞችም ነፃ ተባሉ። ያን ቀን ዛሬ ማን ያስታውሰዋል? ሁላችንም የምናስታውሰው ሐምሌ 13 ቀን 1999 ዓ.ም. ነው። ሰኔ ላይ ጥፋተኛ ተብለው፣ ዐቃቤ ሕግ ሞት ጠይቆባቸው፣ ሐምሌ 9 ቀን ዕድሜ ልክ ተፈርዶባቸው፣ በሽማግሌ አማላጅነት በተፈረመ ወረቀት በአራተኛው ቀን ተለቀቁ። ቶሮንቶም ዋሽንግተንም ጆሃንስበርግም እልል አልን።

የዚያ ወረቀት ዋጋ የታወቀው ዘግይቶ ነው። ወይዘሪት ብርቱካን ስለ ይቅርታው ስዊድን ላይ የተናገረችውን አላስተባብልም በማለቷ በታኅሣሥ 2001 ዓ.ም. ይቅርታው ተነሥቶ የዕድሜ ልክ ፍርዱ ተመለሰባት። እስከ መስከረም 2003 ዓ.ም. ታሰረች። በይቅርታ የወጣ ሰው ገመዱ ረዘመለት እንጂ አልተፈታም። ጫፉ በሰጪው እጅ ነው።

ኢሕአዴግም ካለፈ በኋላ ልማዱ አልቀረም። በ2012 ዓ.ም. ክረምት የታሰሩት እነ አቶ ጃዋር መሐመድ፣ አቶ በቀለ ገርባና አቶ እስክንድር ነጋ በ2014 ዓ.ም. የገና ዕለት ክሳቸው ተቋርጦ ተለቀቁ። በፖለቲካ የማይስማሙ ሰዎች ናቸው፤ አወጣጣቸው ግን አንድ ነው። ጥፋተኛ ናችሁ አልተባሉም፤ ነፃ ናችሁም አልተባሉም። የታሰሩበት ጊዜ ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም የሚል የፍርድ መዝገብ የለም። በዚህ አካሄድ መንግሥት አንድም ጊዜ ሳይረታ ይኖራል። አባቶቻችን «በሕግ አምላክ!» ሲባል ባለበት የሚቆም ሕዝብ ነበሩ፤ ሙግትን መርታት ክብር የነበረበት አገር ነው። ዛሬ ግን ከመርታት ይልቅ መማለድ ተለምዷል።

ታዲያ ምን እናድርግ? ጆሃንስበርግ ላይ ክሱ እንደተጀመረ ጳጳሱ አምብሮስ ሪቭስና ደራሲው አለን ፔተን ካሉበት ቡድን የመከላከያ ገንዘብ ተቋቋመ። ለንደን ላይ ቄስ ጆን ኮሊንስ ገንዘብ አሰባሰቡ። ያ ገንዘብ ጠበቃ ቀጠረ፣ የተከሳሾችን ቤተሰብ ቀለበ፤ ኋላም ለአሥርተ ዓመታት የቆየ ድርጅት ወጣው። እኛስ? ሰው በታሰረ ቁጥር ኮፍያ እናዞራለን፤ ሲፈታ እንበተናለን። የማንንም ፓርቲ ባንዲራ የማይይዝ፣ ማንም በሰላማዊ ጥሪ ቢከሰስ የሚቆምለት፣ የክስ መዝገቡን ቅጂ ሰብስቦ የሚያስቀምጥ አንድ ቋሚ የመከላከያ ፈንድ ማቋቋም እንዴት ያቅተናል? ዛሬ የሚታሰረው የማልወደው ሰው ቢሆንስ? እንዲያውም ፈንዱ የሚፈተነው ያኔ ነው።

ብልህ ከሰው ይማራል ይባላል። የተፈቱትን እንኳን ለቤታችሁ አበቃችሁ እንበል። የመዝገቡን ነገር ግን አንርሳ፤ ያልተረታ ከሳሽ ነገም ይከሳልና።

ቸር ይግጠመን።